ሁለተኛ ማርሽ ላይ የምትቀረቀረው ቮልስ

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ቮልስ ናት። የጓደኛዬ ናት። ቅሬታው አጭር ነው፦ ማርሹ ይቀረቀራል። ሁለተኛ ሲያስገባ እጀታው መንገድ ላይ ይቆማል። አንዳንዴ ደግሞ ይገባና አልወጣም ይላል። የኋላ ማርሽ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሲገኝም ክርርር ይላል። ጠዋት ይብሳል። መኪናዋ ትንሽ ከተነዳች በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረ ሁሉ ይለቃል።

ብዙ ሰው አይቷታል፤ የሁሉም ፍርድ ተመሳሳይ ነበር። «ሲንክሮው አልቋል፣ ካምቢዮው መውረድ አለበት።» ካምቢዮ የማርሽ ሳጥኑ ነው፣ ሲንክሮ ደግሞ በውስጡ ማርሽ ሲቀየር የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስማማው ቀለበት። አንዱ ደግሞ «ዘይቱ ወፍሮ ነው፣ ለዚያ ነው ጠዋት የሚብሰው» ብሎ ነበር። ሌላው በእጀታው ጎማ ሥር ዝገት መፍቻ ስፕሬይ ነፋበት። ለትንሽ ጊዜ ለቀቀ። ከዚያ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ይህን ስፕሬይ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመጣበታለን።

ጓደኛዬ ካምቢዮውን ለማውረድ ልቡን አዘጋጅቶ ነው የጠራኝ። ቮልስ ላይ ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩ ይወጣል። ከዚያ ፍሬኑ፣ ገመዱ፣ ማሰሪያው ሁሉ ይፈታል። ካምቢዮው ከተከፈተ በኋላም መልሶ መግጠሙ ልዩ መሣሪያና ልኬት ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሥራ በግምት አይጀመርም። ስለዚህ አንድም ብሎን ከመፍታታችን በፊት ችግሩ የት ሰፈር እንዳለ እንወቅ ተባባልን።

ከሹፌሩ እጅ እስከ ካምቢዮው

የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ ከኋላ ናቸው። እጀታው ግን ከሹፌሩ ጎን ነው። በመካከላቸው ረጅም መንገድ አለ፤ ችግሩም ከዚህ መንገድ በየትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል።

የእጀታው የታችኛው ጫፍ ድቡልቡል ነው። በወለሉ መሃል ባለው ጉብታ ውስጥ አንድ ረጅም ዘንግ ያልፋል፤ ድቡልቡሉ ጫፍ በዚህ ዘንግ ላይ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ይቀመጣል። ዘንጉ የሚያውቀው ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፣ በራሱ ዙሪያም ትንሽ ይዞራል። እጀታውን ወደ ግራና ቀኝ ስንገፋ ዘንጉ ዞሮ መስመር ይመርጣል። ወደፊትና ወደኋላ ስንገፋ ተንሸራቶ ማርሹን ያስገባል። አንደኛና ሁለተኛ በግራ መስመር ናቸው፣ ሦስተኛና አራተኛ በቀኝ። የኋላ ማርሽ ለብቻው ነው፦ እጀታው ወደ ታች ይጫናል፣ ከሁለተኛ አልፎ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሳባል።

ዘንጉ ከፊት በኩል የሚንሸራተተው ቡሽ በሚባል የፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ ነው። ከኋላ ደግሞ፣ ልክ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከካምቢዮው ከሚወጣው አጭር ዘንግ ጋር ይጋጠማል። መጋጠሚያው ንዝረት እንዳያስተላልፍ በመሃሉ ጎማ አለው።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው። በእጀታው መቀመጫና በጉብታው መካከል ስስ የብረት ሳህን አለ። ማገጃ ሳህን ልበለው። አንዱ ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፏል። ሥራው ሹፌሩ ሁለተኛ አስገባለሁ ብሎ የኋላ ማርሽ እንዳያስገባ መከላከል ነው። እጀታው ካልተጫነ ጠርዙ ይገታዋል። ሲጫን ያልፋል። እጁ ሲነሳ ደግሞ ሞላ እጀታውን መልሶ ወደ ላይ ያነሳዋል።

ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው ክፍል፣ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በዚህች መኪና በዘይት ግፊት ሳይሆን በገመድ ነው የሚሠራው። ነገር ግን ፍሪሲዮን በደንብ ካልለቀቀ ማርሹ ጤነኛ ሆኖም አልገባም ይላል፤ ስለዚህ ከተጠርጣሪዎቹ ውስጥ አለ።

መቼ ነው የሚቀረቀረው?

እንዲህ ባለ ነገር ላይ እኔ ከመሣሪያ ይልቅ በጥያቄ አምናለሁ። ምን ይላል የሚለው ብዙ አይረዳም፤ ሰው ሁሉ ይቀረቀራል ነው የሚለው። መቼ የሚለው ግን ብዙ ይናገራል።

«ሦስተኛና አራተኛ ላይስ?» አልኩት።

«እነሱ ምንም አይሉም። ቅቤ ናቸው።»

«አንደኛስ?»

«አልፎ አልፎ። ዋናው ሁለተኛ ነው። የኋላ ማርሽም እንዳልኩህ ነው።»

ይህ ብቻውን ትልቅ መረጃ ነው። የካምቢዮ ዘይት ቢወፍር ሁሉም ማርሽ ይከብዳል። ዘንጉ ቢጣመም ወይም ቡሹ ዘንጉን ቢይዘው ሦስተኛና አራተኛም አይተርፉም፤ የሚንቀሳቀሰው ያው አንድ ዘንግ ነውና። እዚህ ግን የታመመው የግራው መስመር ብቻ ነው። ያ ጥርጣሬውን ሁለት ቦታ ላይ ይጥለዋል፦ ወይ ካምቢዮ ውስጥ አንደኛንና ሁለተኛን የሚገፋው ሹካ ወይም ሲንክሯቸው፣ ወይ ደግሞ ከላይ ከማገጃው ሳህን አካባቢ።

ጠዋት ይብሳል የሚለው ግን አልዋጥልህ አለኝ። ብርድ ከሆነ ለምን ሁለተኛን ብቻ መረጠ?

«ማታ መኪናዋን እንዴት ነው የምታቆማት?»

«ወደ ኋላ አስገብቼ ነው። ቦታው ጠባብ ነው።»

አሁን ነገሩ መልክ እየያዘ መጣ። ማታ ላይ የመጨረሻው ማርሽ የኋላ ማርሽ ነው። ጠዋት ላይ የመጀመሪያው ችግር ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ ነው። ምናልባት ጥፋቱ የብርድ ሳይሆን የኋላ ማርሽ ቢሆንስ? ይህን መሞከር ምንም ወጪ የለውም። መኪናዋን ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ነዳናት። ሁለተኛ በሰላም ሲገባና ሲወጣ ቆየ። ከዚያ ጭር ያለ ቦታ ላይ አቁመን ትንሽ ወደ ኋላ ሄድን፣ ከዚያም አንደኛ አስገብተን ተነሳን። ሁለተኛ ሲደርስ ቀጥ አለ። በሞቀ ሞተር፣ በሞቀ ዘይት፣ በእኩለ ቀን። ደግመን ስንሞክረው ያው ሆነ።

ብርዱ በዚህ ከዋና ተጠርጣሪነት ወጣ። ነገር ግን ይህ ብቻ ካምቢዮውን ነጻ አያወጣም። የኋላ ማርሽን የሚያስገባው ክፍል ካምቢዮው ውስጥም ሊቀረቀር ይችላል። ስለዚህ መንገዱን በመሃል መቁረጥ ነበረብን።

መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ

ፍሪሲዮንን ከሌላው የሚለየው ሙከራ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉ። የእጅ ፍሬኑን ያዙ። ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ። ሞተር ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ ከገቡና ሞተር ሲነሳ ብቻ አልገባም ካሉ፣ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ነው። ሞተር ጠፍቶም ከያዘ፣ ፍሪሲዮኑ ንጹሕ ነው ባይባልም ዋናው ችግር እሱ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መኪና በቆመችበትና ሞተር በጠፋበት አንዳንድ ማርሽ ሙሉ በሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አይገባም። ጥርሶቹ አፍ ለአፍ ተፋጥጠው ቆመው ነው። መኪናዋን ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርጎ ደግሞ መሞከር ነው። ያኔ ከገባ ችግር የለም።

በእኛዋ ቮልስ ሁለቱም ዓይነት ችግር ተገኘ። ሞተር ጠፍቶም፣ ከኋላ ማርሽ በኋላ ሁለተኛ ይቀረቀር ነበር። ያ የፍሪሲዮን ሥራ አይደለም። የኋላ ማርሽ ክርርታ ግን ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚሰማ ነበር። ጓደኛዬ ሁለቱን አንድ በሽታ አድርጎ ነበር የሚያወራው፤ ለካ ሁለት ኖረዋል።

የፍሪሲዮን ፔዳሉን በእጃችን ጫን አደረግነው። ገመዱ መሳብ እስኪጀምር ድረስ ያለው ባዶ ጉዞ በቮልስ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የዚህኛው ከ40 በላይ ነበር። ማለትም ፔዳሉ ወለል ሲነካ እንኳ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ወደፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ሁሉ ሲንክሮ ስላላቸው ይህን ይችሉታል። የኋላ ማርሽ ግን ሲንክሮ የለውምና ይጮሃል።

ማስተካከያው ከካምቢዮው በስተግራ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለችው ባለ ክንፍ ዳዶ ናት። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ከተቀመጠች በኋላ የግራውን የኋላ ጎማ ማውጣት ሥራውን ያቀልላል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅም አይገባ። ወደ 15 ሚሊሜትር አደረግነው። ከ10 በታች እስኪሆን ማጥበቅ አደጋ አለው፤ ባዶ ጉዞው ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ የሚገፋው ኩሽኔታም ያለ እረፍት ይሠራል። እግረ መንገዳችንንም ገመዱ የሚያልፍበትን ተጣጣፊ ቱቦ አየነው። ቀጥ ማለት የለበትም፣ ከ25 እስከ 45 ሚሊሜትር ያህል ወደ ታች መርገብ አለበት። እሱ ደህና ነበር።

ሞተሩን ስናስነሳ ክርርታው ቀንሷል። ሁለተኛ ግን እንዳለ ነው።

መንገዱን መሃል ላይ መቁረጥ

አሁን የኋላ ወንበሩ ይነሳል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር፦ የቮልስ ባትሪ ከዚያው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፣ የወንበሩ ውስጥ ሞላዎች ደግሞ ብረት ናቸው። ባትሪው ክዳን ከሌለው ሞላው ሁለቱን ጫፎች ሊያገናኝና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ወንበሩ በጥንቃቄ ተነስቶ መጀመሪያ የባትሪው አሉታዊ ገመድ ይፈታል፤ ሥራው ሲያልቅም ክዳኑ መኖሩ ይታያል። የጓደኛዬ ባትሪ ክዳን አልነበረውም። የማርሹ ችግር መንገድ ከፍቶልን ይህን ማየታችን ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከጉብታው ጀርባ በብሎን የታሰረች ትንሽ ክዳን አለች። እሷ ስትነሳ መጋጠሚያው ይታያል። ከካምቢዮው አጭር ዘንግ ጋር የሚያያዘው ጭንቅላቱ አራት ማዕዘን በሆነ ብሎን ነው፣ ብሎኑም እንዳይላላ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። ሽቦውን ቆርጠን ብሎኑን አወጣን። ከዚያ እጀታውን አንቀሳቅሰን ዘንጉን ወደፊት ስንስበው መጋጠሚያው ከካምቢዮው ተላቀቀ።

የጥናቱ ወሳኝ ቦታ ይህ ነው። አሁን ካምቢዮውና እጀታው አይተዋወቁም። ለየብቻ ማናገር ይቻላል።

ከካምቢዮው የወጣውን አጭር ዘንግ በፒንሳ ይዘን አንቀሳቀስነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ፎሌ (ባዶ ማርሽ)፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ የኋላ። እያንዳንዱ ጠቅ እያለ ይገባል፣ ጠቅ እያለ ይወጣል። ከኋላ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ደጋግመን ሄድን። ምንም መቀርቀር የለም። ጓደኛዬ ራሱ ያዘውና ሞከረው። ከዚያ ዝም ብሎ አየኝ። ሊወርድ የነበረው ካምቢዮ ጤነኛ ነው። ሲንክሮ አለቀ የተባለውም ቢሆን፣ ያለቀ ሲንክሮ እጀታ አያስቀረቅርም። እየተነዳ ማርሽ ሲቀየር ጥርስ ያስጮሃል እንጂ። እዚህ ደግሞ ሁለተኛ ሲገባ ጩኸት አልነበረም።

ከዚያ ወደ ፊት ሄደን እጀታውን ብቻውን አንቀሳቀስን። ካምቢዮው ስለማይገታው ከወትሮው በላይ ይዘናፈላል፤ ያ አያሳስብም። ወደ ታች ጫን አድርገን ወደ ኋላ ማርሽ ቦታ ወሰድነው፣ መለስነው፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ ሳብነው። ቀጥ። ከምንም ጋር ሳይያያዝ፣ እዚያው ቦታ ላይ ተቀረቀረ።

ቀጥሎ ያለው ቁራጭ ደግሞ ቀላል ነው። እጀታው በሁለት ባለ 13 ብሎን ብቻ ነው የታሰረው። ከመፍታታችን በፊት መቀመጫው ጉብታው ላይ ያለበትን ቦታ በሹል ነገር ጫር አድርገን ምልክት አደረግን። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ረዘም ያሉ ስለሆኑ መቀመጫው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ ያለ ምልክት ቦታውን መልሶ ማግኘት ትዕግሥት ያስጨርሳል። የሳህኑንም አቅጣጫ ምልክት አደረግን። ተገልብጦ ከገባ አንዳንድ ማርሽ ጭራሽ አይገኝም።

እጀታው ከወጣ በኋላ ረጅሙን ዘንግ በእጅ አንቀሳቀስነው። ይንሸራተታል፣ ይዞራል፣ የትም አይያዝም። እንዲያውም ከመጠን በላይ ይላወሳል። ቡሹ ግማሹ ተሰባብሮ ወድቋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ፣ አገኘነው!» ይላል። ቮልስ የሚያውቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህን ቡሽ ነው፤ እውነትም የሚያልቅ ዕቃ ነው። ነገር ግን ያለቀ ቡሽ የሚያመጣው ሌላ ነው። እጀታው ይንገላወዳል፣ ማርሹ የት እንዳለ ይጠፋል፣ ሲነዳ ከሥር ይንቀጫቀጫል። መቀርቀር የእሱ ጠባይ አይደለም። ያየነው ጉድለት እውነተኛ ነው፣ የምንፈልገው ግን እሱ አይደለም። ቡሹን ብቻ ቀይረን ብንዘጋው ጓደኛዬ በማግስቱ ጠዋት ይደውል ነበር።

እጀታው ሥር የተገኘው

የቀረው እጅ ላይ የያዝነው ነው፦ እጀታው፣ ሞላው፣ ሳህኑ።

ሞላው ይታያል ማለት አይቻልም። በጥቁር ጭቃ ተቀብሯል። ግራሶ ነበር አንድ ጊዜ። አሁን ከአቧራና ከምንጣፍ ቃጫ ጋር ተቦክቶ እንደ ሰም ደርቋል። እጀታውን ወደ ታች ተጫንነውና ለቀቅነው። አልተመለሰም። እዚያው ቀረ። ጥቂት ነቅነቅ ስናደርገው ቀስ እያለ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ በሙሉ ራሱን ያስረዳል። ጓደኛዬ ማታ ለኋላ ማርሽ እጀታውን ይጫናል። ሞላው ስለታፈነ እጀታው አይነሳም፣ ዝቅ ብሎ ያድራል። ጠዋት አንደኛ አስገብቶ ይነሳል። ወደ ሁለተኛ ሲስበው ዝቅ ያለው እጀታ ወደ ኋላ ማርሽ በኩል ሾልኮ የሳህኑን ጠርዝ በተሳሳተ ወገን ይነካና ይያዛል። ከተነዳ በኋላ ደግሞ ንዝረቱና የእጁ እንቅስቃሴ እጀታውን ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመልሱታል። «ሲሞቅ ይለቃል» የተባለው ይህ ነው። ብርድ ምንም ድርሻ የለውም አልልም፤ የደረቀ ግራሶ በብርድ የበለጠ ይጠነክራል። ዋናው ግን ማታ የተደረገው ነገር ነው።

ሳህኑም የራሱ ምስክርነት ነበረው። የታጠፈው ጠርዝ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጭረት አለ፣ ከጭረቱ አጠገብ ደግሞ ብረቱ ተልጦ ሹል ሆኗል። ሹፌሩ ሲቀረቀርበት በኃይል እየሳበ ያበላሸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሞላው ታፈነ፣ ከዚያ ጉልበት መጣ፣ ከዚያ ጉልበቱ ሳህኑን ጎዳ፣ የተጎዳው ሳህን ደግሞ መቀርቀሩን አባሰ።

ስፕሬዩስ? ዝገት መፍቻ ቀጭን ነው። የደረቀውን ግራሶ ለጊዜው ያሟሟዋል፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ የለቀቀው። ነገር ግን ፈሳሹ ይተናል። ሲተን የተረፈውን ቅባት አጥቦ ወደ ታች ይወስዳል፣ አቧራውን እዚያው ይተወዋል። ከላይ የሚነፋ ነገር ለዚህ ቦታ መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም። አራት ማዕዘኑን ብሎን መፍታት እንኳ ሳያስፈልግ ሁለት ብሎን ፈትቶ እጀታውን ማውጣትና ማጽዳት ከስፕሬዩ ብዙም አይርቅም።

ጥገናው

ሁሉንም በነጭ ጋዝ አጥበን በጨርቅ አደረቅን። ሞላው ዝጎ ደክሞ ስለነበር ተቀየረ፣ ሳህኑም ተቀየረ። ጠርዙን በሞረድ ማስተካከል ይቻል ነበር፣ ግን ታጥፎ ቅርጹን አጥቷል። አዲስ ሳህን ሲገዛ ከአሮጌው ጋር ደርቦ ማየት ይበጃል። ዛሬ የሚመረቱ መለዋወጫዎች ሁሉ ልካቸው አንድ አይደለም፤ የጠርዙ ከፍታ ትንሽ ከተለየ የኋላ ማርሽ ወይ አይገባም፣ ወይ ሳይፈለግ ይገባል።

ከፍተነው ሳለ ቡሹንም ቀየርነው። ይህ የዕለቱ አታካች ሥራ ነበር። ዘንጉን በእጀታው ቀዳዳ በኩል በፒንሳ እየገፉ ከቡሹ ቦታ ማውጣት፣ የተሰባበረውን መልቀም፣ አዲሱን ከነሽቦ ቀለበቱ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ዘንጉን መልሶ ማስገባት። እጅ የማይገባበት፣ ዓይን በደንብ የማያይበት ቦታ ነው። የተሰባበረው ቁራጭ ጉብታው ውስጥ ከቀረ የሌሎቹን ገመዶች መንገድ ሊያውክ ስለሚችል ሁሉንም አወጣን።

ግራሶ የቀባነው በስሱ ነው፦ ድቡልቡሉ ጫፍ ላይ፣ ዘንጉ ቡሹ ውስጥ በሚንሸራተትበት ቦታ፣ ሞላው ላይ ትንሽ። ተራ የሊቲየም ግራሶ ይበቃል። በብዛት ማጨቅ ያንኑ ጭቃ መልሶ መጋበዝ ነው። የተቀደደውን የእጀታ ጎማም ለወጥነው፤ አቧራው የገባው በእሱ በኩል ነበር።

መጋጠሚያው ሲመለስ አንድ ጥንቃቄ አለ። አራት ማዕዘኑ ብሎን ጫፉ ሹል ነው፣ ዘንጉ ላይ ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ነጥቧን ስቶ ከጠበቀ ዘንጉ በትንሹ ዞሮ ይቀራል፣ ማርሾቹም ሁሉ ቦታቸውን ይስታሉ። ከተጠበቀ በኋላ በአዲስ ሽቦ ይታሰራል። ይህ ብሎን መንገድ ላይ ቢወድቅ መኪናው ሞተሩ እየሠራ አንድም ማርሽ አይኖረውም።

የእጀታው ብሎኖች መጀመሪያ በግማሽ ብቻ ጠበቁ። ሞተር ሳይነሳ ሁሉም ማርሽ ተሞከረ። ሁለተኛ ላይ ወደ ግራ ብንገፋው ያለ መጫን የኋላ ማርሽ እንዳይገባ አረጋገጥን። ከዚያ በምልክታችን ላይ አጠበቅነው።

የካምቢዮውን ዘይትም ለወጥነው፣ ለመቀርቀሩ ሳይሆን መቼ እንደተለወጠ የሚያስታውስ ስላልነበረ። ዘይት ሲለወጥ ቀድሞ የሚፈታው መሙያው ነው፣ ማፍሰሻው አይደለም። አፍስሶ ከጨረሱ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢል መኪናዋ ያለ ዘይት ቆማ ትቀራለች። ሁለቱም ባለ 17 የውስጥ መፍቻ ይፈልጋሉ። የማፍሰሻው ማግኔት ላይ የተገኘው ስስ ግራጫ ዝቃጭ ብቻ ነው። ያ ከዕድሜ የሚመጣ ነው። የጥርስ ስባሪ ቢኖር ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። የገባው 90 ቁጥር፣ ጂኤል-4 የሚል ዘይት ነው፣ 2.5 ሊትር ያህል። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ካምቢዮ ጂኤል-5 አልመርጥም፤ በውስጡ ያለው ተጨማሪ ኬሚካል የሲንክሮውን ቢጫ ብረት ሊጎዳ ይችላል። ቀስ ብሎ መሙላትም ያስፈልጋል። በፍጥነት ከተሞላ ቶሎ ይፈስና የሞላ ያስመስላል።

መኪናው ሌላ ቢሆንስ?

መንገዱ ይለያያል፣ የመቁረጡ ሐሳብ ግን ያው ነው። እጀታው በቀጥታ ካምቢዮው ላይ የተተከለበት አሮጌ መኪና ረጅም ዘንግ የለውም፤ እዚያ የሚታየው እጀታው የሚቀመጥበት የፕላስቲክ ጎድጓዳና ሞላው ነው። እጀታው ከመሪው ሥር የሆነበት ደግሞ ቀጫጭን ዘንጎቹና ማጠፊያዎቹ ሞተሩ አጠገብ ስለሚያልፉ ግራሷቸው በሙቀት ይደርቃል። ፍሪሲዮኑ በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ነው፤ በዚያ ማርሽ ከተሻለው አየር ገብቷል ወይም ፓምፑ ያሳልፋል። ጋዝ ሲሰጥ ወይም ሲለቀቅ ብቻ የሚቀረቀር ከሆነ ደግሞ የሞተሩንና የካምቢዮውን ጎማ መቀመጫዎች ማየት ይቀድማል፤ ሞተሩ ሲያዘነብል ዘንጉን ይዞ ይሄዳልና።

የቀረው

ቮልሷ አሁን ከኋላ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ያለ ችግር ትሄዳለች፣ ጠዋትም ማታም። ጓደኛዬ አሁንም ማታ ወደ ኋላ እያስገባ ነው የሚያቆማት።

አንድ ያልተዘጋ ነገር አለ። ሞተሩ በጣም ሲሞቅ የኋላ ማርሽ አልፎ አልፎ አሁንም ትንሽ ይጮሃል፣ ፍሪሲዮኑ በልኩ ተስተካክሎ ሳለ። የምጠረጥረው በፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) መሃል ባለው ትልቅ ብሎን ውስጥ ያለችውን ትንሽ ባለ መርፌ ኩሽኔታ ነው። የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስገባውን ዘንግ ጫፍ የምትይዘው እሷ ናት። ስትደርቅ ፍሪሲዮን ተረግጦም ዘንጉን ይዛው ትዞራለች። እሷን ለማየት ሞተሩ መውጣት አለበት። ከፍላይዊሉ ጀርባም ዘይት ማላብ ስለጀመረ ሁለቱ አንድ ላይ እንዲሠሩ ተስማምተናል። እስከዚያው ጓደኛዬ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ከቆመች በኋላ ፍሪሲዮን ረግጦ መጀመሪያ ሦስተኛን ያስገባል፣ ከዚያ ፔዳሉን ሳይለቅ ወደ ኋላ ማርሽ ይሄዳል። የሦስተኛ ሲንክሮ የሚዞረውን ዘንግ ስለሚያቆመው አይጮህም።